ወርቅ ጆሮና የምድር ቤቱ ፓምፕ

«ወፏን እኮ ከሰጠናት ቆየን!» አሉኝ እትዬ፣ በሩን ገና ገርበብ ከማድረጋቸው።

እኔ ደግሞ ስለ ወፏ አቤት ለማለት ስንቱን ቃል መርጬ፣ ስንቱን ጥዬ ነበር የሄድኩት። እቤት ሆነው ያሳመሩት ንግግር ጎረቤት በር ላይ ሲደርሱ ይቀልጣል።

«ለማን ሰጣችኋት?»

«ለልጅ ልጃችን፣ ከነጎጆዋ። አንቺ እንቅልፍ አጣሁ ስላልሽ አይደል እንዴ?»

«እኔ? መቼ ወጣኝ?»

«ከአፍሽማ አልወጣም፤ ፊትሽ ነው የተናገረው። በየጠዋቱ ዓይንሽ አብጦ እያየሁ ዝም ልበል?»

«ታዲያ ከግድግዳዬ ማዶ ጢጥ፣ ጢጥ የምትለው ማን ናት?»

«እሷማ የሱ ሬዲዮ ናት።» በአውራ ጣታቸው ወደ ታች፣ ወደ ምድር ቤቱ ጠቆሙ። «የሱ ሬዲዮ የማያፏጨው መቼ ነው?»

ባለቤታቸው ጋሼ ሬዲዮ ሠሪ ናቸው። በሰፈሩ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ «ወርቅ ጆሮ» ነው የሚባሉት። በጉልምስናቸው ጊዜ አንድ ሰው የታመመ ሬዲዮ አቅፎ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው «ድምፅ ማጉያው ተቀዷል» ወይም «ውስጡ ሽቦ ላልቷል» ይሉት ነበር አሉ። ይኼን የነገሩኝ ራሳቸው ስለሆኑ ትንሽ ቀንሼ ነው የማምነው። ቀንሼም ግን ብዙ ይተርፋቸዋል። ዛሬ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው እየሳሳ ቢሄድም፣ ዘበኛው፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ጡረታ የወጣው ሁሉ አሁንም እሳቸው ምድር ቤት ይወርዳል። ግማሹ ለጥገና፣ ግማሹ ለወሬ።

ያ ምድር ቤት ታዲያ ጠላት አለው፤ ውሃ። ቤቶቻችን የቆሙበት መሬት ድሮ ረግረግ ሳይሆን አይቀርም፣ ዝናብ ሲጠና ውሃው ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከወለል ሥርም ይመጣል። ለዚህ ሲባል በጋሼ ምድር ቤት ጥግ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ተቀምጧል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ውሃውን እየሳበ በቱቦ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ችግሩ ግን ዝናብና የመብራት መጥፋት ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ በመጣበት ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ያለፈው ዓመት ዝናብ ላይ መብራት ሄደ፣ ፓምፑ ዝም አለ፣ የሰው ሁሉ ሬዲዮ እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈ። ከዚያ በኋላ ልጃቸው መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ ፓምፕ ገዝታ፣ ከዋናው ጎን አስገጠመችላቸው።

እትዬ ግን በዚያ አልረኩም፤ ማሉ። «እንግዲህ አንድ ጊዜ ውሃ ቢገባ ይኼ ሱቅህ ይዘጋል። የመበየጃ ካውያህን፣ ሽቦህን ሰብስበህ ላይ ቤት ከኔ ጋር ትቀመጣለህ!» ከሁለቱ የትኛው እንደከበዳቸው፣ መዘጋቱ ይሁን ላይ ቤት መቀመጡ፣ ጋሼን ጠይቄያቸው አላውቅም። የእትዬ መሐላ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስኳር ተውኩ ካሉ ወዲህ ሻያቸውን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ መድኃኒት ነው የሚጨልጡት።

«በይ ውረጂና ራስሽ ንገሪው» አሉኝ። «እኔ ብናገር መልስ አይሰጠኝም። ዛሬ ደግሞ ሰማዩን አይተሽዋል? ሊጥለው ነው።»

ወረድኩ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው አንዱን መነጽር አፍንጫቸው ላይ፣ አንዱን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ ላይ አቀርቅረዋል። ቤቱ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል።

«ጋሼ፣ ሬዲዮዎ ሲያፏጭ እያደረ ነው።»

«የኔ ሬዲዮ?» ቀና አሉ። «ይኸው ሁሉም ጠፍተዋል። ደግሞ እኔ ጋ ያፏጨ ሬዲዮ እንዴት ያድራል? ሲያፏጭ ሳልሰማ? ድሮ አንድ ሹፌር አንድ ትልቅ ሬዲዮ አምጥቶልኝ…»

ጋሼ ወሬ ከጀመሩ ፍሬን የላቸውም። እሳቸው ከሹፌሩ ጋር እየተጓዙ ሳለ «ጢጥ!» አለ። አላቋረጡም። ድምፁን ተከትዬ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ጉድጓዱ አጠገብ ባትሪው በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ከበላዩ ግድግዳው ላይ የመቆጣጠሪያው ሣጥን አለ። የተጣለበትን ጨርቅ ገለጥ ሳደርገው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«ጋሼ፣ ቀይ በርቷል።»

ሹፌሩ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ጋሼ ተነሥተው መጡና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቀይ ማለት ባትሪው ደክሟል ማለት ነው» አሉ።

«ሬዲዮው ነው ወይ?» ብለው እትዬ ከደረጃው አናት ተጣሩ። ጋሼ መልስ አልሰጡም፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እኔን ዝም አሰኙኝ።

«ለሷ እንዳትነግሪ። ቀይ መብራት ያልሻት እንደሆነ ዛሬውኑ ከነጠረጴዛዬ ታወጣኛለች።»

«እያየነው ነው እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። ውሸትም አይደል፣ እያየነው ነበር።

ጋሼ ሥራ ሲይዙ ሌላ ሰው ናቸው፤ ወሬ ይቀንሳሉ፣ እጃቸው ይረጋጋል። መጀመሪያ የቻርጀሩን ስፒና አዩ፤ ሶኬቱ ውስጥ ነው። ቴስተራቸውን አምጥተው ሶኬቱን ለኩ፤ መብራት አለ። ከቻርጀሩ የሚወጣውን ለኩ፤ እሱም አለ። ባትሪውን ሲለኩ ግን መርፌዋ እንደ ሰነፍ ተማሪ እጅ ተነሣች፣ ተመልሳ ወደቀች።

«ይገርማል» አሉ። «ምግቡ ቀርቦለት የሚራብ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጥርሱን ሲያመው ነዋ።»

«እንግዲያው ጥርሱን እንየው።»

የፕላስቲኩን ክዳን አነሡት። ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለቱ የባትሪው ጉጦች ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አብቅለዋል። ጋሼ ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅለው ሽቦዎቹን ፈቱ፤ እኔ ሙቅ ውሃ በሲኒ አመጣሁ። ከመሳቢያቸው የጥርስ ብሩሽ አውጥተው ሰጡኝ።

«የእትዬ እንዳይሆን ብቻ!»

«የኔ ነው። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ሥራ ፈቷል።»

እኔ ጉጦቹን ፈገፈግኩ፣ እሳቸው የባትሪውን ትንንሽ ክዳኖች አንድ በአንድ እየከፈቱ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አዩ። ውስጡ ደርቋል። ውሃው ከብረቶቹ በታች ወርዶ፣ ብረቶቹ አናታቸው ወጥቶ ይታያል።

«ተጠምቶ ነው የከረመው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የገጠመው ሰውዬ በየጊዜው ክፈትና እይ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሲጠማው ራሱ ይጮሃል ከተባለ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ተውኩት። ለምን አልጮኸም?»

ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ለእንፋሎት ካውያ የምንጠቀምበት የተጣራ ውሃ አንድ ጠርሙስ እቤቴ ነበረኝ። የቧንቧ ውሃ ለካውያም ለባትሪም አይሆንም። ሮጥ ብዬ አመጣሁት፣ እሳቸው በሲሪንጅ እየቀዱ እስከ ምልክቱ ሞሉት፣ ሽቦውን አጥብቀው አሰሩ፣ ቻርጀሩን ሰኩ።

«ከሥራ እስክትመለሺ ይጠባ» አሉኝ። «ስትመጪ እንፈትነዋለን። ብቻዬን ባልዲ ማንሣት ወገቤ አይፈቅድም።»

ከሥራ ስመለስ ሰማዩ ጥቁር ጨርቅ መስሏል። እትዬ ወጥ ቤት ናቸው፤ «አሁንም ሬዲዮ ነው?» አሉኝ፣ «አሁንም» አልኩና ወረድኩ። ቀዩ ጠፍቶ በምትኩ አረንጓዴ በርቷል። ጋሼ እንደ አዲስ አባት ከጎኑ ቆመዋል።

«እንግዲህ መብራት የጠፋ እናስመስል» አሉና የዋናውን ፓምፕ ስፒና ነቀሉ። እኔ ከቧንቧው በባልዲ እየቀዳሁ ወደ ጉድጓዱ ገለበጥኩ። ደገምኩ። ውሃው እያደገ መጣ። ውሃው ከፍ ሲል ከመጠባበቂያው ፓምፕ ጋር የታሰረችው ኳስ አብራ መንሳፈፍ አለባት፤ እሷ ስትነሣ ነው ፓምፑ የሚነሣው። ኳሷ ግን ውሃው ውስጥ ሰጥማ ቀረች። ሌላ ባልዲ ጨመርኩ። ምንም።

«ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይዟታል። ቀጭን ሽቦ ናት።»

«የምን ሽቦ?» ብለው ጎንበስ አሉና ወዲያው ቀና አሉ። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ቀላ። «እሷማ… የኔ ናት።»

«የርስዎ?»

«የመሬት ሽቦ ናት። ሬዲዮ ስፈትሽ አንዱን ጫፍ እርጥብ መሬት ውስጥ ካደረግሽው ድምፁ ይጠራል። ከዚህ ጉድጓድ የበለጠ እርጥብ መሬት ከየት ይምጣ?»

«የሚያድንዎትን ፓምፕ በሽቦ አስረው ድምፅ ሊያጠሩ?»

«ሥራ ነው!» አሉ፤ ግን ሽቦዋን ስበው ሲያወጡ ዓይኔን አላዩኝም።

ኳሷ ተላቀቀችና ብቅ አለች። ፓምፑ እህህ ብሎ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ተነሣ፣ ቱቦው ተንቀጠቀጠ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ እየዞረ ወደ ታች ወረደ። ከውጭ ዝናቡም በዚያው ጀመረ። ደስ አለኝ፤ እጄን ላጨበጭብ ስል ደወሉ ጮኸ።

መጠባበቂያው ፓምፕ ሥራ ሲጀምር «መብራት የለም፣ በባትሪ ነው ያለሁት» ብሎ እንዲነግር የተሠራ ደወል ነው። ጢጥ ብቻ አይደለም ይኼኛው፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ባልዲውን ለቅቄ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ጋሼ ሣጥኑ ፊት ለፊት ቆመው እየጠበቁ ነበር። ፈገግ ብለው ጠበቁ፣ ፈገግታቸው ቀዝቀዝ አለ፣ ደግሞም ጠበቁ። ቀጥሎም እንደ ሐኪም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸውልሽ፣ በሽታው ተገኘ» አሉኝ። «ፓምፑ ደህና ነው፤ የሞተው ደወሉ ነው። ለዚህ ነው ተጠምቶ ሲከርም ትንፍሽ ያላለው።» ካቻቪቴያቸውን አነሡና የሚጮኸውን ደወል ብሎን መፍታት ጀመሩ።

ሰው የሚያለቅስ ሕፃን አቅፎ «ይኼ ልጅ ለምን ዝም አለ?» ሲል ማየት ነበር። አንድ ብሎን ፈቱ። ሁለተኛውን ሊፈቱ ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። እጆቼን አዩ። ጆሮዬ ላይ ናቸው። ቶሎ አወረድኳቸው፤ ግን ዘገየሁ።

ጋሼ ካቻቪቴውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። በሌባ ጣታቸው የደወሉን አፍ ነኩት። እዚያው አቆዩት፤ ንብ እጁ ላይ እንዳረፈበት ሰው፣ ሳይንቀሳቀሱ።

«እየጮኸ ነው?» አሉ።

«እየጮኸ ነው ጋሼ።»

«በጣም?»

«መንገድ ድረስ።»

የዋናውን ፓምፕ ስፒና መልሰው ሰኩ። ደወሉ ዝም አለ። ዝም ማለቱንም ያወቁት ከፊቴ ነው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሁለቱንም መነጽር አወለቁ።

«ወፏስ?» አሉ። «መጨረሻ ላይ መዝፈን አቁማ ነበር አይደል? አርጅታለች ብዬ ነው እትዬሽ ስትሰጣት ዝም ያልኩት።»

ግድግዳ የምጋራው እኔ ነኝ፤ እስከሄደችበት ጠዋት ስትዘፍን እንደነበር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መሬት መሬት አየሁ። መልሱ ደረሳቸው።

«የፀጉር ቆራጩ ሬዲዮስ? ባለፈው የሠራሁለት?»

«ይሠራል ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ!»

«ያፏጫል። ቀጭን ፉጨት አለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሸፍነዋል።»

«ስንቱ ነው እንዲህ የሚያፏጨው?»

«እንጃ። የዘበኛውም ያፏጫል ይባላል።»

«ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ አይነግረኝም?»

«ይሉኝታ ነዋ ጋሼ። ወርቅ ጆሮ የሠራው ያፏጫል ብሎ ማን ደረጃ ይወርዳል? የኔ ጆሮ ነው የተበላሸው ይላል እንጂ።»

ሳቁ መሰለኝ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። «ሰው ሁሉ አክብሮ ገደለኝ በይኛ» አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ከፍቶ የተኛውን ሬዲዮ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ምን እንደሚያስቡ ይታየኝ ነበር። ደወሉን ያልሰማ ሰው ውሃ ሲመጣም አይሰማም። እትዬ ይኼን ካወቁ መሐላቸውን ለመፈጸም ዝናብ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

«አልነግራቸውም» አልኩ። «ባትሪው ነበር እላለሁ። እሱም እውነት ነው።»

«አይሆንም» አሉ። ተነሥተው ከመሳቢያ ቀይ አምፖል ፈለጉ፣ ሽቦ ቆረጡ። «የማይሰማኝን ደወል ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ ማለት ፓምፕ የለኝም ማለት ነው። ጆሮዬ ቢያረጅ ዓይኔ አለ። ሲጮህ እዚህ፣ አፍንጫዬ ሥር ይብራ። ሬዲዮውንም ሳስረክብ አንቺን እጠራለሁ፣ ታዳምጪልኛለሽ። ያፏጫል ወይ? ያፏጫል። አያፏጭም? አያፏጭም። ይሉኝታ ከያዘሽ ግን አትምጪ።»

«እኔን? እኔን ይሉኝታ አያውቀኝም።»

«ስለ ወፏ ስትነግሪኝ አየሁሽ» አሉ፣ ካውያቸውን እየሰኩ።

ያኔ ነው እትዬ ደረጃውን ደፍ ደፍ እያደረጉ የወረዱት።

«ምን ጉድ ነው ይኼ ሁሉ ጩኸት? ከላይ ሆኜ ስጣራ ስጣራ ጉሮሮዬ ተላጠ! ደግሞ ሬዲዮ ነው በሉኝ!»

ወደ ጋሼ አየሁ። ካውያውን አስቀመጡት።

«ደወሉ ነው» አሉ። «ደህና አድርጎ ይጮሃል። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው የማትሰማው?»

«ቀጭን ድምፅ። ወፍራሙን እሰማለሁ። ቀጭኑ ግን ከሄደ የቆየ ይመስለኛል። ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

እትዬ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸው ላይ የነበረውን ፎጣ አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። በውጭ ዝናቡ በርትቷል፤ ዋናው ፓምፕ አንዴ ተነሥቶ የመጣውን ውሃ ተፍቶ ዝም አለ።

«እዚያ ላይ ቆሜ ስጠራህስ?» አሉ። «ምሳ ቀረበ፣ ልጅህ ደወለች፣ ና አንድ ነገር ላሳይህ እያልኩ?»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ጋሼ አቀረቀሩ።

«እኔ እኮ ንቀኸኝ መስሎኝ ነበር» አሉ እትዬ። «እዚህ ወርደህ የምትቀመጠው ከኔ ለመሸሽ፣ ስጠራህ ዝም የምትለው ደግሞ… ብቻ ተወው። መዘጋት አለበት ያልኩትም ለውሃው ብቻ አልነበረም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ጎረቤት ባይኖር ጥሩ ነበር። ነገር ግን መውጫው በደረጃው ነው፣ ደረጃው ላይ እትዬ ተቀምጠዋል። ባልዲውን አንሥቼ የሌለ ውሃ ማፍሰስ ጀመርኩ።

«እንግዲህ ልትዘጊው ነው?» አሉ ጋሼ።

እትዬ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ነኩት።

«ውሃ ገብቷል?»

«አልገባም።»

«እኔ የማልኩት ውሃ ከገባ ነው።» ተነሡና ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። «ይኼ ቀይ አምፖል ምን ሊሆን ነው?»

«ደወሉ ሲጮህ እንዲበራልኝ ነው።»

እትዬ አምፖሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«እንግዲያው አንድ ሌላ ጨምረህ ሥራ። የሱን ማብሪያ ወጥ ቤት፣ እኔ ጋ ታደርገዋለህ። ሰው ስፈልግ ጉሮሮዬን ከምልጥ አበራዋለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ መለሱ፤ ሽቦውን በክንዳቸው ልክ ለኩና ቆረጡ።

«ሁልጊዜ ከጠራሽኝ ታዲያ መቼ ልታጠፊው ነው?» አሉ።